አለቃ ገብረ ሐና ዘፎገራ፦ ሕይወታቸውና የሙግት ቃላት

ሪቶሪክ የሚባለው የንግግር ጥበብ በእንግሊዝኛ ክፍል ሲቀርብ ተማሪው ብዙ ባዕድ ቃላትን በአንድ ጊዜ ይረከባል። ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ፣ አይረኒ፣ ፐን፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቃላቱን አጥንቶ ለፈተና መድረስ ይቻላል፤ ሰው ሲናገር ሰምቶ ይህ እንዲህ ያለው ነው ብሎ መለየት ግን ሌላ ችሎታ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው አርጊዩመንት የሚለው ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ክርክርም ጭቅጭቅም እያለ ስለሚፈታው፣ የሙግት ድርሰት ጻፍ የተባለ ተማሪ ተጣላ የተባለ ይመስለዋል። አማርኛ ግን ሙግትን ከጭቅጭቅ፣ ክርክርን ከንትርክ አጥርቶ የሚለይ ቋንቋ ነው። ችግሩ እነዚህ የአገር ቤት ቃላት ወደ ክፍሉ እንዲገቡ አለመጋበዛቸው ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ቃላቱን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ለማየት ይሞክራል። ሰውየው የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ስማቸውን ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሚታወቁት ግን ከሞላ ጎደል በቀልዳቸው ብቻ ነው። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ፣ አለቃ አስቀድሞ በሙግት የሠለጠኑ ሊቅ እንደነበሩና ቀልዳቸውም ከዚያው ሥልጠና እንደ ወጣ ነው። ጨዋታዎቻቸው በየጊዜው ተሰብስበው ስለታተሙ በቃል መጥቀስ አላስፈለገም፤ የሚመረመረው አሠራራቸው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳውና ገበያው

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፣ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው በናበጋ ጊዮርጊስ እንደተወለዱ ይነገራል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ፎገራ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በሩዝ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ሩዝ የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም፤ ሜዳው የጤፍ፣ የሽምብራ፣ የኑግና የከብት አገር ነበር። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ጥቁሩን መሬት ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በእርጥበቱ ላይ ይዘራል።

ከሜዳው በስተሰሜን ይፋግ ትገኛለች። ይፋግ በዚያ ዘመን ስሟ የታወቀ ገበያና ኬላ ነበረች። ወደ ጎንደር የሚወጣውም ከጎንደር የሚወርደውም ሲራራ ነጋዴ በዚያ ያልፍ ነበር። ገበያና ኬላ ባሉበት ደግሞ ክርክር አለ። ቀረጥ በዛ የሚል አለ፤ የተሸጠው በሬ ጉዳት ነበረበት የሚል አለ፤ የተበደረውን የካደ አለ። ነገሩ ሲከር መንገደኛም ቢሆን በዳኝነት ይሰየማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊቱ ይቆማሉ፤ በልሃ ልበልሃ ይጀመራል።

ይህ ሥርዓት ለእንግሊዝኛ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ፣ በትሩን ይዞ ይቆማል። አስቀድሞ የሚለውን ይላል፤ ይህ ክሌም የሚባለው ነው፣ በአማርኛ አቤቱታ ወይም ክስ ይሆናል። ቀጥሎ እማኝ ይቆጥራል፤ እማኝ ኤቪደንስ ነው። ቃሉን እንዳያጥፍ ዋስ ይጠራል። በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ ውርርዱ ተናጋሪው በነገሩ ምን ያህል እንደሚተማመን ያሳያል። ባላጋራው ተራውን ጠብቆ በተጠየቅ ያፋጥጠዋል። ዙሪያውን የቆመው መንገደኛ ደግሞ ዳኛው ከመፍረዱ በፊት በፊቱ ገጽታና በሣቁ ይፈርዳል። ኦዲየንስ ማለት ይኸው ነው፤ ዝም ብሎ የሚሰማ ሳይሆን ነገሩን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ሰው። በሜዳው ያደገ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ይህን ሁሉ በጆሮው ይጠግባል።

ቅኔ ቤት

ገብረ ሐና ንባብና ዳዊት በአገራቸው ተምረው፣ እንደ ዘመኑ ደቀ መዛሙርት ለቅኔ ወደ ጎጃም ተሻገሩ። የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በተለይም ዋሸራና ጎንጅ፣ ስማቸው የገነነ ነበር። የቅኔ ተማሪ ሥራ ከውጭ ለሚያየው እንግዳ ነው። ቀን ከሰው ተለይቶ በዛፍ ሥር ወይም በጫካ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያቀናብራል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ሲበረታ በጉባኤ መካከል ያለ ዝግጅት ይዘርፋል። መምህሩ አገባቡ የተፋለሰውን፣ ምሥጢሩ ያልሞላውን፣ ቤቱ ያልመታውን እየለየ ያርማል። የሁለት ቤት ጉባኤ ቃና፣ የሦስት ቤት ዘአምላኪየ፣ የአምስት ቤት ዋዜማ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል።

በዚህ ሂደት ተማሪው አንድን ነገር በሁለት ደረጃ መናገርን ይለምዳል። ሰምና ወርቅ የሚባለው ላይኛውን ትርጉም ከውስጠኛው ጋር አጋጥሞ በአንድ ቤት የሚያኖር ነው። ኅብር አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። ውስጠ ወይራ ደግሞ ላዩ የዋህ ንግግር መስሎ ጥንካሬውን በውስጡ ይሸሽጋል። የእንግሊዝኛ መምህር ኅብርን ከፐን፣ ውስጠ ወይራን ከአይረኒ ጋር ቢያጎራብት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ ሰምና ወርቅን ሜታፈር ብሎ ከደመደመ ግን ያጎድለዋል። በሜታፈር ሰሙ ወርቁን ካደረሰ በኋላ ሥራው አልቋል። በሰምና ወርቅ ግን ሰሙ ራሱን ችሎ የሚቆም ንግግር መሆን አለበት፤ ካልቆመ ቅኔው ተሰበረ ይባላል። ይህ ልዩነት በኋላ በአለቃ ሕይወት ውስጥ የሞትና የሕይወት ያህል ሆኖ እናገኘዋለን።

ጎንደር

ከቅኔ በኋላ ወደ ጎንደር ሄደው የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜን፣ ፍትሐ ነገሥትንና ባሕረ ሐሳብን ተማሩ። ነገሥታቱ ሥልጣናቸው ቢመነምንም ጎንደር የሊቃውንት ከተማነቷን አልለቀቀችም ነበር። በዚህ ከተማ የተማሩት ትርጓሜ በእኔ እምነት የአለቃን አንደበት ከቅኔውም በላይ ያሾለ ትምህርት ነው፤ ስለ እርሳቸው የሚጻፈው ግን ይህን ቶሎ ያልፈዋል።

የአንድምታ ትርጓሜ የራሱ የሆነ የሙግት ሰዋስው አለው። መምህሩ አስቀድሞ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል። ቀጥሎ አንድም እያለ ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ ሁለተኛውን ሲያመጣ የመጀመሪያውን አይጥለውም፣ ሁለቱን አቁሞ ያነጻጽራል። ለተናገረው ድጋፍ ሲፈልግ ከመጽሐፍ ቃል አምጥቶ እንዲል ብሎ ያስራል። እንዲል የምትለው ትንሽ ቃል በዛሬው የጥናት ጽሑፍ ምንጭ መጥቀስ የምንለውን ሥራ ትሠራለች። አድማጩ ሊያነሣ የሚችለውን ጥያቄ ደግሞ መምህሩ ራሱ ቀድሞ ያነሣዋል፤ ለምን ቢሉ ወይም ምነው ቢሉ ይልና መልሱን ይሰጣል። ካውንተር አርጊዩመንት የሚባለውን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ከሚያባክን የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ለምን ቢሉ የሚለው ሐረግ ነገሩን በአጭሩ ያሳያል። ቢሉ የሚለው ግሥ ባላጋራን በአካል ሳይጠራ ወደ ንግግሩ ያስገባዋል፤ ያከብረዋልም፤ ብዙ ነውና።

ፍትሐ ነገሥት ሌላው ዓምድ ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ክርስቲያን ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ ናቸው። ስለ ዳኛ፣ ስለ ምስክር፣ ስለ ዋስ የሚደነግገው በዚያ ነው። ይፋግ ገበያ ላይ በልማድ የሚካሄደው ሙግት እዚህ በመጽሐፍ ሰፍሮ ይገኛል። ገብረ ሐና በፍትሐ ነገሥት ዕውቀታቸው እንደተመሰከረላቸው፣ ገና በወጣትነታቸው ለሹመት እንደበቁና የጎንደር በአታ ለማርያም አለቃ እንደሆኑ ይነገራል። አለቃነት የክብር ስም ብቻ አልነበረም፤ የደብሩን ካህናት ማስተዳደር፣ በመካከላቸው የሚነሣውን ነገር ሰምቶ መቁረጥ ነበረበት። ቀልደኛ ብለን የምናስታውሳቸው ሰው በሥራቸው ዳኛም ነበሩ ማለት ነው።

በነገሥታት ፊት

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ አለቃ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡባት ደብረ ታቦር ለፎገራ ሜዳ ቅርብ ናት። ነገር ግን ንጉሡና ካህናቱ ብዙም ሳይቆዩ ተጋጩ። ቴዎድሮስ የቤተ ክርስቲያን መሬት ለወታደር እንዲውል፣ በየደብሩ የሚያገለግሉትም ካህናት በቁጥር ጥቂት እንዲሆኑ ፈለጉ፤ ካህናቱ አንቀበልም አሉ። በዚህ መካከል አንደበተ ስለታም የሆነ የደብር አለቃ በቤተ መንግሥት መገኘቱ ራሱ አደጋ ነበር።

ትውፊቱ እንደሚያቀብለን ንጉሡ የአለቃን ሊቅነት ያደንቁ ነበር፤ ጨዋታቸውን ግን አልወደዱላቸውም። ይህን ብዙዎች የጠባይ አለመጣጣም አድርገው ይተርኩታል። በሙግት ዓይን ሲታይ ግን የሚበልጥ ምክንያት አለው። ከንጉሥ ጋር በልሃ ልበልሃ ገጥሞ መሟገት አይቻልም፤ ዳኛውም ባላጋራውም አንድ ሰው ነውና። ተናጋሪው የቀረው መንገድ ነገሩን በሰም ሸፍኖ ማቅረብ ነው። ሰሙ ራሱን የቻለ ንጹሕ ንግግር ከሆነ፣ ተናጋሪው ቢጠየቅ ያልኩት ይህን ነው ብሎ ሰሙን ይዞ ይቆማል። ሰሙ የተናጋሪው ዋስ ይሆንለታል። ወርቁን ያወጣው አድማጩ ነው፤ ስለዚህ የሚቆጣ ንጉሥ አስቀድሞ ስድቡ እርሱን እንደሚመለከት ማመን አለበት። ቀልደኛውን የሚቀጣ ሁሉ በራሱ ላይ እንደ መሰከረ ይቆጠራል። ቴዎድሮስን የመሰለ ብልህ ንጉሥ ይህን ወጥመድ ሳያስተውለው አይቀርም፤ አለመውደዳቸውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የጥንት ግሪኮች ለንግግር የሚስማማውን ጊዜ ካይሮስ ይሉት ነበር። አማርኛ ነገርን ከጊዜው ጋር የሚያያይዝበት አነጋገር ብዙ ነው፤ አብዛኛው የሚመክረው ዝምታን ወይም ትዕግሥትን ነው። አለቃ ግን ጊዜውን የሚጠብቁት ለመናገር ነበር። ግብር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ንጉሥ ቢቆጣ የሚያፍርበት ሰዓት የእርሳቸው ሰዓት ነበር።

በጣና ዳር የተወለደ አቋቋም

ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሳይስማሙ ከቀሩ በኋላ አለቃ ወደ ጣና አካባቢ እንደተመለሱ ይተረካል። ከሥራቸው ሁሉ ዘላቂው የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ካህናት በማኅሌት መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው የሚያሸበሽቡበት ሥርዓት አቋቋም ይባላል። በጎንደር የነበረው ስልት አስቀድሞ የጸና ነበር። አለቃ በሐይቁ ማዕበልና በዳርቻው ደንገል መወዛወዝ ተመርተው፣ ሰውነት ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝም ወደ ግራ የሚዘነብልበትን አዲስ ስልት እንዳወጡ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል።

የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን በቀላሉ አልተቀበሉትም። እዚህ ላይ ነገሩ እንደገና ወደ ሪቶሪክ ይመልሰናል። አርስጣጣሊስ ንግግር የሚያሳምነው በሦስት መንገድ ነው ብሎ ነበር፦ በተናጋሪው ማንነት፣ በአድማጩ ስሜትና በነገሩ አመክንዮ። የመጀመሪያው ኢቶስ ነው። አለቃ ዕውቀት አልጎደላቸውም፤ ነገር ግን በሣቅና በፌዝ የታወቀ ሰው በማኅሌት ላይ አዲስ ነገር ሲያመጣ ሰሚው ቀልድ እንዳይሆን ይጠረጥራል። አንደበታቸው ያተረፈላቸው ዝና በዚህ ጉዳይ ዕዳ ሆነባቸው። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በትጋት ይዞ አስፋፋው። መቀመጫው ደብረ ታቦር ሆነ፤ ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ያው ነገር፣ ያው ምክንያት፣ ተናጋሪው ሲለወጥ ግን ተቀባይነት አገኘ። ኢቶስ ምን እንደሆነ በወረታ ወይም በደብረ ታቦር ክፍል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኔ አላገኘሁም።

ሸዋ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አለቃ በስተርጅና ወደ ሸዋ ወጡ፤ በእንጦጦና በአዲስ አበባ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ቅርበት ነበራቸው። የሕዝብ ትውስታ ከሁሉ ይልቅ ያከማቸው የዚህን ወቅት ጨዋታዎች ነው። በነዚህ ትረካዎች ውስጥ ምኒልክ ታጋሽና ሣቂ ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱ ግን የሚቀየሙ፣ አንዳንዴም የሚያባርሩ ሆነው ይሣላሉ። ጣይቱ ግእዝ የተማሩ፣ ቅኔ የሚገባቸው እንደነበሩ ይነገራል። ይህ እውነት ከሆነ ቁጣቸው አለማወቅ አልነበረም፤ ወርቁን ከሁሉ ቀድመው የሚያወጡት እርሳቸው ስለነበሩ ነው። ትረካው እቴጌይቱን ቁጡ አድርጎ ሲያቀርብ አንዲት የተማረች አድማጭን እንደሚያሳንስ ልብ ማለት ይገባል።

በጨዋታዎቹ ውስጥ ሚስታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ዘወትር ይነሣሉ። ቤቱም እንደ ቤተ መንግሥቱ የእሰጥ አገባ መድረክ ነበር። ከትረካዎቹ መካከል አለቃ ራሳቸው በሌላ ሰው አፍ የሚረቱባቸውም አሉ፤ ሕዝቡ እነዚህንም በደስታ ያወራቸዋል።

አንድ ሰላምታ

የአለቃን አሠራር ለማየት አንዱን ጨዋታ ከፍቶ መመልከት ይበጃል። አለቃ በመንገድ ላይ አህዮች የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። የጠዋት ሰላምታ ይሰጧታል፤ ነገር ግን ለአንዲት ሴት በሚገባው ቅርጽ ሳይሆን ለብዙዎች በሚነገረው ነው። ያለው ይህ ብቻ ነው። አንድም የስድብ ቃል አልተነገረም።

ሥራውን የሠራው ሰዋስው ነው። አማርኛ ለሁለተኛ መደብ አራት መንገድ አለው፦ አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ። ብቻዋን ላለች ሴት ከአደርሽ ወይም ከአደሩ አንዱ ይበቃል። አደራችሁ ሲባል ቁጥሩ ከአንድ ያልፋል፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ከእርሷ በቀር ያሉት አህዮቹ ናቸው። አድማጩ ይህን ሒሳብ በራሱ ይሠራል። መንደርደሪያዎቹ ሁለት ናቸው፣ የብዙ ቁጥር ሰላምታውና በቦታው ያሉት ሁሉ፤ መደምደሚያው ግን አልተነገረም። እንዲህ ያለውን አንድ እግሩ የተሸሸገ ሙግት በእንግሊዝኛው ኤንቲሜም ይሉታል፤ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሥነ አመክንዮ ትምህርት የሚገኝ፣ ብዙ ተማሪ የሚሸሸው ቃል ነው። ተሸሽጎ የቀረውን ሰሚው ራሱ ስለሚሞላው ከተነገረው ይልቅ ይጸናበታል።

አሁን ይህን ጨዋታ ወደ እንግሊዝኛ እንውሰደው። እንግሊዝኛ ለአንዱም ለብዙውም ዩ ይላል። ቀድሞ ለነጠላ የሚሆን ዛው የሚባል ቃል ነበረው፤ በመደበኛው ንግግር ከቀረ ቆይቷል። ስለዚህ ሰላምታው ሲተረጎም ቀልዱ ይሞታል፤ ሴትዮዋም በሰላም ታልፋለች። ተማሪ ይህን በራሱ ሞክሮ ሲያየው፣ የንግግር ጥበብ ስልቶች በየትኛውም ቋንቋ ላይ የሚለጠፉ ጌጦች እንዳልሆኑ፣ ከቋንቋው አጥንት የሚበቅሉ እንደሆኑ ይገባዋል። በተቃራኒው እንግሊዝኛ በድምፅ ተመሳሳይነት የሚሠራቸው ብዙ ፐኖች ወደ አማርኛ አይሻገሩም፤ ለምን እንደማይሻገሩ መጠየቅም የዚያው ትምህርት ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታውን በማድነቅ ብቻ ማለፍ ልክ አይደለም። ሴትዮዋ ምን አደረገች? ምንም። ከንጉሥ ጋር ሲሆን ሰምና ወርቅ የደካማው ጋሻ ነበር፤ አህያ ከምትነዳ ሴት ጋር ሲሆን ግን ሊቁ ያልተማረችውን የሚወጋበት ጦር ሆነ። በአለቃ ስም ከሚነገሩት ውስጥ በሰው ቁመት፣ በመልክ፣ በድህነት ላይ የሚያላግጡ አሉ። ነገሩን ትቶ ሰውየውን መምታት በሥነ አመክንዮ አድ ሆሚኔም ይባላል፤ የተፋለሰ ሙግት ነው። አማርኛ ይህን የሚለይበት ቃል አያጣም። ምፀት ነገሩን ይነካል፤ ሽሙጥ ሰውየውን ይነካል፤ አግቦ ደግሞ ለአንዱ እየተናገሩ ሌላውን መውጋት ነው፤ ቧልት ማንንም አይነካም። ተማሪ የአለቃን ጨዋታዎች በእነዚህ አራት ቃላት ቢመድብ ብዙ ጊዜ ከጓደኛው ጋር አይስማማም፤ ላለመስማማቱ ምክንያት ለመስጠት ሲገደድም የሙግት ድርሰት መጻፍ ጀምሯል።

ከዕረፍታቸው በኋላ

አለቃ ገብረ ሐና በየካቲት 1898 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐርፈው በተወለዱባት በናበጋ ጊዮርጊስ እንደተቀበሩ ይታወቃል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአዲስ አበባ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከሚሰጡት የውጭ ቋንቋዎች አንዱም እንግሊዝኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ እየሆነ መጣ፤ ዛሬም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእርሱ ነው። የቅኔ ቤቱ የሙግት ቃላትና የአዲሱ ትምህርት ቤት የሙግት ቃላት በአንድ ትውልድ ልዩነት ተላለፉ ማለት ይቻላል። ድልድይ ሊሠሩ ይችሉ የነበሩት ሊቃውንት ወደ አንዱ ክፍል ገብተው ወደ ሌላው አልተጋበዙም።

በአለቃ ስም የሚነገረው ጨዋታ ግን ከሞታቸው በኋላም አላቆመም። ቱርኮች የሰሙትን ብልሃት ሁሉ ለናስረዲን ሆጃ እንደሚሰጡ፣ እኛም ባለቤቱ የጠፋውን ጨዋታ ሁሉ አለቃ ገብረ ሐና አሉ ብለን እንጀምረዋለን። ለትረካ አጥኚ ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ እርሳቸው በሞቱ ጊዜ ባልነበሩ ዕቃዎች ላይ የሚቀልዱ አለቃዎች በየመጽሐፉ ይገኛሉ። ለሪቶሪክ ተማሪ ግን ራሱ ክሥተቱ ማስረጃ ነው። ተራ ጨዋታ በስማቸው ሲነገር ይከብዳል፤ ሰሚው ወርቅ ይኖረዋል ብሎ ጆሮውን ያቀናል። በማኅሌቱ ጊዜ ዕዳ የሆነባቸው ዝና ከሞቱ በኋላ ለማንም የሚበደር ኢቶስ ሆነ።

በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው መዛባት አስገራሚ ነው። ያልተናገሩት ብዙ ጨዋታ ስማቸውን ተሸክሞ በየገበያው፣ በየታክሲው፣ በየመጽሔቱ ይዞራል። እርሳቸው እንዳወጡት የሚነገርለት አቋቋም ግን በሌላ ስም ይጠራል። ዛሬም በደብረ ታቦር ደቀ መዝሙሩ መቋሚያውን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዘነብል፣ ምን ትማራለህ ተብሎ ቢጠየቅ ተክሌ ይላል።